የሴት ልጅ ስም ትርጉም ግራ አጋብቶኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሴት ልጅ ልትወለድልን ሦስት ሳምንት ቀርቶን ስም ግን እስካሁን የለንም። ባለቤቴ ማያ ካልሆነ ብላ ድርቅ ብላለች፣ እኔ ደግሞ ትርጉሙን ሳላውቅ አልስማማም ብዬ ጉግል ማድረግ ስጀምር ጉድ ፈላ፣ አንዱ ሳንስክሪት ነው ትርጉሙም እውነት መስሎ የሚያታልል ነገር ነው ይላል፣ ሌላው የግሪኳ አምላክ የሄርሜስ እናት ናት ይላል፣ ሌላው ደግሞ ማይም ከሚለው ዕብራይስጥ ጋር አገናኝቶ ውሃ ያደርገዋል። የቱን ልመን? ወይስ በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙ ሦስት ስሞች ናቸው? ናኦሚ እንኳ በዕብራይስጥ ደስ የምታሰኝ ማለት ሆኖ ጃፓኖች ጋ ትርጉሙ በሚጻፍበት ፊደል የሚቀያየር ሌላ ስም ነው አሉ።

እኔ ኖራን ነበር የመረጥኩት፣ ከአረብኛው ኑር ብርሃን ነው ሲሉኝ ወደድኩት፣ ከዛ አውሮፓ ውስጥ የሆኖራ ማሳጠሪያ ነው፣ ክብር ማለት ነው ተባለ። ይሁን፣ ክብርም አይጠላም! ባለቤቴ ግን «ልጄን ግድግዳ ልትቀባባት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

አይሪን ግሪክ እንደሆነና ሰላም ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንደሱ ምንጩ የማያወዛግብ አጭር ስም ያላችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ፣ ማያንም የሚያስረዳኝ ካለ።