እንግዳ ሠራተኛ ተብሎ የተጠራ ሰው «አልተዋሃደም» ሲባል ጥፋቱ የማን ነው? የጀርመን ጉዳይ

የኮሎኟ፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ምሳ ላይ አብሮኝ የሚሰራ ጀርመን «ቱርኮቹ 60 ዓመት ኖረው አልተዋሃዱም፣ እናንተም መጨረሻችሁ እንደዛው ነው» አለኝ። ጀርመንኛው ቶሎ አልመጣልኝም ዝም አልኩ፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እስቲ እንከራከርበት፣ «ኢንተግራሲዮን» (ውህደት) የሚሉት ነገር ያልሰመረው በሀገሪቱ ጥፋት ነው ወይስ በመጣው ሰው? እኔ በሀገሪቱ ነው ባይ ነኝ። ሲጀመር ማንም በሩን ሰብሮ አልገባም እኮ፣ ራሳቸው ናቸው የጠሩት። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው ሰው አጣ፣ በ1955 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከጣሊያን ጋር ተፈራረሙ፣ ከዛ ስፔንና ግሪክ፣ በ1961 ቱርክ፣ ቀጥሎ ሞሮኮ ፖርቱጋል ቱኒዝያ ዩጎዝላቪያ። ቱርኮቹ ኢስታንቡል ላይ ልብሳቸውን አውልቀው በሐኪም ጥርሳቸው ሳይቀር እየታየ ነው የተመረጡት፣ ከዛ በባቡር ሙኒክ ዋናው ጣቢያ 11ኛው መስመር ይወርዱና ከሥር ባለው የጦርነት ጊዜ መጠለያ ውስጥ ተመዝግበው ለየፋብሪካው ይከፋፈላሉ። ስማቸውም «ጋስትአርባይተር»፣ እንግዳ ሠራተኛ። እንግዳ ደሞ ይሄዳል፣ ለሚሄድ ሰው ማን ቋንቋ ያስተምራል?

ነርሷ፦ እህቴ ታሪኩን አልክድም፣ ግን ሁሉን ነገር መንግሥት ላይ መጫን አልወድም። እኔ ዶርትሙንድ ከመጣሁ 9 ዓመቴ ነው፣ ቀን ጽዳት እየሰራሁ ማታ ማታ ጀርመንኛ ከመጀመሪያው ደረጃ ከኤ1 እስከ ቢ2 ተምሬ ነው አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) የጀመርኩት፣ ማንም አዝሎ አላሻገረኝም። አሁን የማስታምማት አንዲት ቱርካዊት እናት አለች፣ እዚህ ከ40 ዓመት በላይ ኖራ «የት ጋ ነው የሚያምሽ» ስላት አይገባትም፣ የልጅ ልጇ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ቋንቋ እንዳትማር ማን ከለከላት?

የኮሎኟ፦ አንቺ የተማርሽበት ኮርስ እኮ የመጣው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው! በመንግሥት ድጎማ 600 ሰዓት ቋንቋ የሚባለው ማለቴ ነው፣ ከጣሊያኑ ስምምነት ልክ 50 ዓመት በኋላ። የሷ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ ፈረቃ ነበር፣ መኝታ ቤት ለብዙ ነበር፣ የሥራ ትዕዛዝ በአስተርጓሚ ነበር። ደሞ ይሄን ስሚ፣ የቱርኮቹ ስምምነት መጀመሪያ ከ2 ዓመት በላይ መቆየት አይቻልም ይል ነበር። በ1964 ያ ገደብ ተነሳ፣ ምክንያቱም አሠሪዎቹ «ያሠለጠንነውን ሰው መልሰን ለምን ሌላ አዲስ እናሠለጥናለን» ብለው ጮሁ። ፋብሪካው በ1964 የገባውን ነገር መንግሥት እስከ 2000 ድረስ አልቀበልም አለ፣ በ1982 እኮ የመንግሥት ጥምረት ስምምነት ላይ ጀርመን የፍልሰት ሀገር አይደለችም ብለው በጽሑፍ አስቀምጠዋል።

ድሬስደን፦ በሁለታችሁም መሀል ልግባ። እሺ «እንግዳ» ማለታቸው ስህተት ነበር፣ ግን ያለምክንያት አልነበረም። ከ1955 እስከ 1973 ወደ 14 ሚሊዮን ሰው መጥቶ ወደ 11 ሚሊዮኑ እኮ ተመልሷል። ሰዎቹም ራሳቸው ልባቸው ሀገራቸው ነበር፣ ብር አጠራቅሜ ቤት ሰርቼ እመለሳለሁ ነው የሚሉት፣ እኛስ እንደዛ አይደል እንዴ የምንለው? ስንቶቻችን ነን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ይዘን እዚህ ሻንጣችንን ያልፈታን። ያልፈታነውን ሻንጣ ጀርመን ትፍታልን ማለት ይከብዳል።

የኮሎኟ፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ነካኝም። ግን ሻንጣውን ያስፈታቸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በኅዳር 1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ቅጥሩ ቆመ። እስከዛ ሰው ይሄዳል ይመጣል፣ ከዛ በኋላ ግን ከአውሮፓ ማኅበር ውጪ ላለ እንደ ቱርክ ላለ ሰው አንዴ ከወጣህ መመለሻ የለም ሆነ። ስለዚ ሊሄድ የነበረው ሁሉ ቀረ፣ ሚስትና ልጅ አስመጣ። ስደተኛ ለመቀነስ ተብሎ የተዘጋው በር ነው ሰዎቹን ነዋሪ ያደረጋቸው። ከዛ በ1983 ደሞ 10,500 ማርክ ተቀበሉና ሂዱ የሚል ሕግ ወጣ። ልጁ እዚህ ትምህርት ቤት የገባ አባት ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስበው።

ጋሽ ላይፕዚግ፦ ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ የምዕራብ ጀርመንን ብቻ ነው የምታነሱት፣ ያኔ ለብቻዋ አገር የነበረችውን የምሥራቅ ጀርመንን እኔ ልናገር፣ በዓይኔ ስላየሁት። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ከተላኩት አንዱ ነኝ፣ ጀርመንኛ የተማርኩት ላይፕዚግ ሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። እኛ ተማሪዎቹ እንደ ወንድም አገር ልጅ እንከበር ነበር፣ ሠራተኞቹ ግን ሌላ ነበሩ። ከቬትናም፣ ከሞዛምቢክ፣ ከአንጎላ፣ ከኩባ በውል የመጡ ናቸው፣ የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ቬትናሞቹ ብቻ ወደ 60 ሺህ ነበሩ። ለብቻቸው በሕንጻ ተሰብስበው ነው የሚኖሩት፣ እንግዳ ሲመጣባቸው በር ላይ ይመዘገባል፣ ሴቲቱ ካረገዘች ወይ ታስወርዳለች ወይ ትባረራለች። የሞዛምቢኮቹ ደመወዝ ከፊሉ «አገራችሁ ስትገቡ ትቀበላላችሁ» እየተባለ ይቆረጥ ነበር፣ ሲገቡ አላገኙትም፣ ሽማግሌ ሆነው እንኳን ማፑቶ አደባባይ ላይ ሰልፍ ይወጣሉ። ከጎረቤት ጋር ቡና እንዳይጠጣ የተደረገ ሰው እንዴት ነው ተዋሃድ የሚባለው? ጀርመኑም እኮ ስለማያውቃቸው ነው የፈራቸው። ግንቡ ሲፈርስ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሥራ ጠፋ፣ ንዴቱ የዞረው ወደነሱ ነው። በመስከረም 1991 ሆየርስቬርዳ፣ በነሐሴ 1992 ሮስቶክ ሊሽተንሃገን። ሮስቶክ ላይ ከመቶ በላይ ቬትናሞች ያሉበት ሕንጻ በእሳት ሲለበለብ ታች የቆመው ሰፈርተኛ ያጨበጭብ ነበር፣ ፖሊስም ትቶ ሄደ። ሰዎቹ በጣራ ላይ ወጥተው ነው የተረፉት። እኔ ያኔ ቤቴን ቆልፌ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት፣ ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመት ማታ ትራም አልተሳፈርኩም።

ድሬስደን፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ይሄን ከርስዎ መስማት ሌላ ነው። እኔ ግን አሁን የምኖርባት ድሬስደን ላይ ያለውን ልንገራችሁ። ስለ ቁጥር ማውራት ዘረኝነት ነው የሚባለው ነገር ያናድደኛል። በ1992 የጥገኝነት ማመልከቻ 438 ሺህ ደርሶ ነበር፣ በ2015 ጥገኝነት ፈልጎ የገባው ወደ 890 ሺህ ነው፣ በ2022 ደሞ ከዩክሬን ከሚሊዮን በላይ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚያድርበት ቤት፣ ልጁ የሚውልበት ኪታ (መዋዕለ ሕጻናት)፣ ቋንቋ የሚያስተምረው መምህር ከየት ይምጣ? እኔ ራሴ ስደተኛ ሆኜ ከሚስቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከገባሁ 4 ዓመቴ፣ ጎረቤቴ ጀርመናዊት ጡረተኛ ኪራይ ጨመረባት ስታለቅስ አይቻለሁ። እሷን ዘረኛ ልበላት?

ጋሽ ላይፕዚግ፦ አትበላት ልጄ። ግን ቤት ያልሰራው ማን ነው? እሷም አንተም የምትጠይቁት አንድ ሰው ነው፣ ችግሩ ፖለቲከኛው እርስ በርሳችሁ ስትጣሉ ሲያያችሁ ደስ ይለዋል። በ1993 ያደረጉትን አስታውሳለሁ። ግንቦት 26 ቀን ፓርላማው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለውን የጥገኝነት መብት ቆረጠው፣ ሕዝቡን ለማረጋጋት ነው አሉ። ልክ በሦስተኛው ቀን ግንቦት 29 ዞሊንገን ላይ የአንድ ቱርክ ቤተሰብ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶችና ሕጻናት ሞቱ። ለቁጣው ቀለብ ሲሰጠው አይጠግብም፣ ይሄን አይቻለሁ።

ነርሷ፦ ጋሼ ስለሮስቶክ ያሉትን ሳነብ እንባዬ መጣ። ግን አሁንም አቋሜ ላይ ነኝ፣ ያለፈው በደል ዛሬ እኛ ቋንቋ ላለመማር ምክንያት አይሆነንም። በ2015 ከመጡት ውስጥ በ2024 ላይ ወደ 64 በመቶው ሥራ ይዟል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ወንድና ሴት ለየብቻ ሲታይ ግን ከወንዶቹ ሥራ ያልያዘው ሩብ የሚሆነው ብቻ ነው፣ ከሴቶቹ ሥራ ያላት ሲሶ ገደማ ናት። ይሄ የጀርመን ጥፋት ብቻ ነው? እቤት ዋዪ የሚል ባል የለም?

የኮሎኟ፦ ባል አለ፣ ኪታ ደሞ የለም። ሁለቱም እውነት ነው። ግን የድሮዎቹን ሴቶች አትርሻቸው፣ በ1973 ኖይስ ከተማ መኪና ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የግሪክና የቱርክ የስፔን ሴቶች ከወንዱ ያነሰ የሚከፍላቸውን የደመወዝ እርከን አንቀበልም ብለው ሥራ አቆሙ፣ ጀርመኖቹ ባለሙያዎችም ተቀላቀሏቸው፣ እርከኑም ተሰረዘ። ቋንቋ ሳይችሉ! ውህደት ማለት ለኔ ይሄ ነው፣ አብሮ ቆሞ መብት መጠየቅ። ይሄን ግን ማንም በትምህርት ቤት አያስተምረውም።

እዚሁ ተወልጄ፦ አማርኛዬ ለጽሑፍ ያን ያህል አይደለም ይቅርታ። ሁላችሁም ስለመጡት ነው የምታወሩት፣ እኔ ከየትም አልመጣሁም ፍራንክፈርት ነው የተወለድኩት፣ ግን «ከየት ነህ» ስባል ፍራንክፈርት ስል «አይ በእውነት ከየት» ይሉኛል። 4ኛ ክፍል ላይ መምህሬ ለሐውፕትሹለ (ከሦስቱ ትምህርት ቤቶች ዝቅተኛው) ነው የምትሆነው አለችኝ፣ የሒሳብ ውጤቴ ከክፍሉ ሁለተኛ ነበር። እማዬ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ቢሮ ሄዳ መከራከር አትችልም፣ ወረቀቱን የተረጎምኩላት እኔው ራሴ ነኝ፣ 10 ዓመቴ ነበር። ስለዚ ነርሷ ሆይ የልጅ ልጇን እጠብቃለሁ ስትዪ ያ ልጅ እኔን ነው የመሰለኝ። 10 ዓመት ላይ ልጅን በሦስት ዓይነት ትምህርት ቤት መለየት ቤቱ ውስጥ ጀርመንኛ የሌለውን ልጅ ነው የሚጥለው፣ ጎበዝ ሰነፍ ጉዳይ አይደለም። እኔ ዞሬ ዞሬ አቢቱር (ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ሰርተፍኬት) የያዝኩት በ22 ዓመቴ ነው። የኮቪድ ክትባቱን የሰራው ኡጉር ሻሂን አባቱ ኮሎኝ ፎርድ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ሁሉም ሰው እሱን ይጠራል፣ እሱ የሆነበትን መንገድ ያጡትን ግን ማን ይጠራቸዋል።

ነርሷ፦ ወንድሜ ይሄ ልቤ ውስጥ ገባ። እውነቱን ልናገር፣ ልጄ አሁን 4ኛ ክፍል ናት፣ መምህሯ ባለፈው ስታወራኝ «ሪያልሹለ (መካከለኛው ትምህርት ቤት) ይበቃታል» ብላ ጀመረች፣ ልጅቷ ማንበብ ትወዳለች፣ ውጤቷም ጥሩ ነው። እኔ እሺ ብዬ ነው የወጣሁት፣ መምህር ያውቃል ብዬ። መከራከር ይቻላል እንዴ?

እዚሁ ተወልጄ፦ ይቻላል! አንቺ ያለሽው ኖርድራይን ቬስትፋለን ነው፣ እዛ የመምህር ምክር ምክር ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ውሳኔ የወላጅ ነው። ወረቀቱ የሚሰጠው ከግማሽ ዓመቱ ሰርተፍኬት ጋር ነው፣ እስከዛ ቀጠሮ ያዢ፣ ብቻሽን አትሂጂ፣ ልጅቷንም አስተርጓሚ አታድርጊያት። ጂምናዝየሙ (ወደ አቢቱር የሚያደርሰው ትምህርት ቤት) ክፍት ቀን ሲኖረው ውሰጃት፣ ራሷ ትየው።

የኮሎኟ፦ ከዶርትሙንድ ሩቅ አይደለሁም፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ፣ እመጣለሁ።

ነርሷ፦ ነገ ጠዋት እደውላለሁ። ከሰዓት ፈረቃ የምገባው ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ቢሆን ይመችሻል?