ልቼ ላይ አጼ ዮሐንስ ሸዋን ለምን ለቀቁት?

መምህር ዘደብረ ብርሃን

ሰላም ወንድም እህቶቼ። ደብረ ብርሃን ታሪክ አስተምራለሁ። ልቼ ከከተማችን ብዙም አይርቅም። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. እዚያ ስለተደረገው ዕርቅ ስናወራ አንዲት ተማሪ ጠየቀችኝ። «ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው መንዝ ገብተዋል። ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው ገብረዋል። ታዲያ ለምን አልሻሯቸውም? ጭራሽ ዘውድ ጫኑላቸው እኮ!» «ካህናት አስታረቋቸው» የሚለው መልስ አላረካትም፤ ልክ ነች። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የመሐል ሜዳው

መምህር፣ ልጅቱን አመስግኑልኝ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ይህን ነገር ሳስብ የምነሳው ከጉራ ጦርነት ነው። በ1868 ዮሐንስ ግብጾችን ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎ ጉራ ላይ ድል ነሱ። ብዙ ሺህ ጠመንጃ ማረኩ፤ መድፍም አለበት። ሸዋ ያን ያህል ትጥቅ ከየት ያመጣል? በዚያ ላይ ምኒልክ በ1869 ወደ ጎጃምና በጌምድር ዘምተው ሳለ ባለቤታቸው ወይዘሮ ባፈና ሸዋ ውስጥ ዶለቱባቸው። ቤቱ ራሱ ተናግቷል።

ግን ግብጽ ምጽዋ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ከእሷ ጋር ውል የተፈረመው በ1876 ነው። ዮሐንስ የሸዋን ተራራ ሲወጡ ሲወርዱ ቢከርሙ ሰሜኑን ማን ይጠብቃል? ስለዚህ ምኒልክን «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ስም አስጣሏቸው፣ ግብር ጣሉባቸው፣ ንጉሠ ሸዋ አድርገው ተዉአቸው። በእኔ እምነት ብልህ ውሳኔ ነበር።

የማልቀበለው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። በጥር 1873 የጎጃሙን ገዥ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አሏቸው። ሸዋ እንዳይገን ጎጃምን ማስነሳታቸው ነው። ከፋ ግን ገና በማንም እጅ አልገባም! ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ የሚመጣው ከጊቤ ማዶ ነው፤ እሱን የያዘ ጠመንጃ ይገዛል። ምኒልክም ዓይናቸው እዚያው ነበር። ሁለቱን ነገሥታት አንድ መሶብ ላይ አስቀምጦ አትጣሉ ማለት አይሆንም። በ1874 እምባቦ ላይ ተያያዙ። የሸዋው የጦር መሪ ራስ ጎበና ከነፈረሰኛቸው ከምኒልክ ጋር ነበሩ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

ዮሐንስ ይሄኔ ሁለቱንም ቀጡ። ወሎን ከምኒልክ ወስደው ለልጃቸው ለራስ አርአያ ሥላሴ ሰጡ። አገው ምድርን ከጎጃም ቆረጡ። ምርኮኛው ንጉሥም ተለቀቁ። ሸዋን በጋብቻ ለማሰር ደግሞ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለአርአያ ተዳረች። የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ባላገሩም እንደዚያው ነው። ያ ሁሉ ጦር ስንቁን የሚበላው ካለፈበት ጎተራ ነበር፤ የእኛም አገር መንገድ ላይ ናት።

አንኮበር

በመሐል ሜዳው ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። የምጽዋ በር በዮሐንስ ላይ ተዘግቶ ነበር። ከእኛ ሥር ካለው ከአልዩ አምባ ገበያ የሚነሳው የነጋዴ ቅፍለት ግን የአፋርን በረሃ አቋርጦ ባሕር ዳር ታጁራ ወደብ ይደርስ ነበር። ጠመንጃ ለሸዋ የገባው በዚያ በኩል ነው። ሸዋ ልቼ ላይ ቢገብርም ያ በር አልተዘጋበትም። ከዓመት ዓመት ሚዛኑ ወደ ሸዋ ያዘነበለው በዚህ ይመስለኛል።

ጎጃሜው በደብረ ሲና

እናንተ የሸዋን ነገር አወራችሁ፤ የጎጃምንም ስሙኝ። በጥር 1880 ደርቡሾች፣ የሱዳን መሐዲስቶች ማለት ነው፣ ሳር ውኃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረጉና ጎንደርን አቃጠሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሩቅ ነበሩ፤ አልደረሱላቸውም። ቂሙ ከዚያ ነው። ተክለ ሃይማኖት ከትናንት ማራኪያቸው ከምኒልክ ጋር በዮሐንስ ላይ ተማከሩ። ምክሩ የሁለት፣ ቅጣቱ የአንድ ሆነ። የዮሐንስ ጦር ጎጃምን አጠፋው፤ ከብቱም እህሉም አለቀ። ሸዋ ግን ሳይነካ ቀረ። በመጋቢት 1881 ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ዘውዱም ወደ ሸዋ ሄደ።

መምህር፣ ለልጆቹ ካርታ ሲስሉ ወሎንና አገው ምድርን በሌላ ቀለም ያቅልሙልን። ከእምባቦ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉት እነሱ ናቸው፤ እዚያ የሚኖረውን ሕዝብ ግን የጠየቀው የለም።