ቻርጀር ከመግዛትሽ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቢው

ሰላም እህቴ፣ እንኳን በሰላም አሜሪካ ገባሽ። ይዘሽው የመጣሽው የላፕቶፕ ቻርጀር እዚህ ሶኬት አልገጥም ስላለ አዲስ ልግዛ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ላፕቶፑ ከዱባይ የመጣ ስለሆነ አሜሪካ አይሰራም ያሉሽን ሰዎች አትስሚያቸው። ሙሉ ቻርጀርም ገና አትግዢ። መጀመሪያ በቻርጀሩ ገመድ መሃል ያለውን ጥቁር ሳጥን ገልብጪውና ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ፤ ካልታየሽ በስልክ ፎቶ አንስተሽ አጉልተሽ እዪው።

ኢንፑት (INPUT፣ ከግድግዳ የሚገባው) በሚለው መስመር ላይ 100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ ነገሩ አልቋል። አገር ቤት 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 120 ቮልት በ60፤ ቻርጀሩ ሁለቱንም ራሱ ይችላል። የዛሬ ላፕቶፕ ቻርጀር ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲህ ነው። ያልገጠመሽ እግሩ ብቻ ነው። የዱባይ ዕቃ የሚመጣው በእንግሊዙ ባለ ሦስት ወፍራም እግር ነው፣ የአሜሪካ ሶኬት ደግሞ ጠፍጣፋ እግር ይፈልጋል። ከሳጥኑ ወደ ግድግዳ የሚሄደው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ይነቀላል። ነቅለሽ ሳጥኑ ውስጥ ይገባ የነበረውን ጫፍ እዪው። ሦስት ክብ እንደ ሦስት ቅጠል የተያያዘ ከመሰለ ሲ5 (C5) የሚባለው ዓይነት ነው፣ ስምንት ቁጥር ከመሰለ ሲ7 (C7)። ያንን ገመድ ብቻ፣ የአሜሪካ እግር ያለውን ግዢ። ዋጋው ከሙሉ ቻርጀር ጋር አይገናኝም።

ሳጥኑ ራሱ ከተበላሸ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አውትፑት (OUTPUT፣ ወደ ላፕቶፑ የሚወጣው) የሚለውን መስመር እዪ። ለምሳሌ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር ካለ 65 ዋት ነው ማለት ነው። ቮልቱ ያው መሆን አለበት። አምፔሩ ያው ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ላፕቶፑ የሚስበው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ስለሆነ ባለ 90 ዋት ብታደርጊለት አይጎዳም። ባለ 45 ዋት ከሆነ ግን ቻርጀሩ ይግላል፣ ባትሪው ይንቀራፈፋል ወይም ጭራሽ አይሞላም። ላፕቶፑ ላይ የሚሰካው ጫፍም ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም። ለምሳሌ የዴል (Dell) ላፕቶፕ ቻርጀር ክብ ጫፍ መሃሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለው፣ ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለየው በእሷ ነው። ካልለየው መብራቱ በርቶ ባትሪው አይሞላም፣ ኮምፒውተሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ይዘሽ ሂጂ።

በዩኤስቢ ሲ (USB-C፣ የአዳዲስ ስልኮች ሞላላ ጫፍ) የሚሞላ ከሆነ ቀለል ይላል፤ ዋቱ ይብቃ እንጂ የማንም ኩባንያ ይሁን። ገመዱንም እዪ፣ ከ60 ዋት በላይ ለማሳለፍ ባለ 5 አምፔር ገመድ ያስፈልጋል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ፣ ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የሚቀርብ አዲስ ላፕቶፕ በዩኤስቢ ሲ እንዲሞላ ሕጉ ያስገድዳል፤ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ይወቅ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ልጨምር። ለአገር ቤት ዕቃ የምትልኩ፣ እባካችሁ ያቺ ትንሿ የእግር መቀየሪያ ቮልት አትቀንስም። እግር ብቻ ነው የምትቀይረው። 120 ቮልት ብቻ የሚል የፀጉር ማድረቂያ ወይም ምጣድ በእሷ አድርጎ 220 ላይ የሰካ ሰው፣ ዕቃው ውስጥ ከሚገባው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይለቅበታል። ይቃጠላል፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። እናት ልጄ ላከልኝ ብላ በደስታ የሰካችው ዕቃ ነው እኮ! 220 የሚለውን ፈልጋችሁ ላኩ፣ ካልሆነም ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር አብራችሁ ላኩ። የላፕቶፑ ቻርጀር ግን 100-240 ካለ ምንም ስጋት የለበትም።

እህቴ፣ የቻርጀሩን ጀርባና የገመዱን ጫፍ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆንሽ ደግሞ ሲ5 ገመድ ትርፍ አለኝ፣ መጥተሽ ትወስጂያለሽ።