በእጄ የሠራሁት አምፕሊፋየር እምምም ይላል፤ የአባቴን ስፒከር ላገናኘው ወይስ ይቆይ?

የጀሞው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። አባቴ ሁለት የድሮ ስፒከሮች አሉት። የእንጨት ሳጥን ያላቸው ናቸው፣ ከጀርባቸው 8 ኦም የሚል ተጽፎባቸዋል። ያጫውታቸው የነበረው አምፕሊፋየር ከሞተ ቆየ። ስፒከሮቹ ግን እስካሁን ሳሎን ውስጥ ናቸው፣ እናቴ ዳንቴል አልብሳቸዋለች። ለፋሲካ እንዲያዳምጥባቸው ብዬ አምፕሊፋየር መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ ኤልኤም 3886 የሚባል የአምፕሊፋየር ቺፕ። ሰርኪዩቱን ከቺፑ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) ላይ ወሰድኩት፣ በ20 ኪሎ ኦምና በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጌይኑ (የሚያጎላበት እጥፍ) 21 ይመጣል። ትራንስፎርመሩ 24-0-24፣ 5 አምፔር፣ ከመርካቶ። ከዚያ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር ብሪጅ ዳዮድ፣ በፕላሱም በማይነሱም በኩል 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ምንም ሳይጫንበት ስለካው ፕላስ 35.5 እና ማይነስ 35.5 ቮልት ይሰጠኛል። ሂትሲንኩን (የቺፖቹን ሙቀት የሚወስደውን ብረት) ምናለሽ ተራ አገኘሁት፣ ከባድ አሉሚኒየም ነው። ሁሉንም በአሮጌ የኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ ገጠምኩት። የውስጡን ፎቶ አያይዣለሁ።

አሁን ወደ ችግሩ። እስካሁን የሞከርኩት በአሮጌ የታክሲ ስፒከር ነው። ሙዚቃው ይወጣል፣ ድምፁም በጣም ያምራል። ግን ከሥሩ እምምም የሚል ነገር አለ። ቮልዩሙን ዜሮ ባደርገውም አይቀንስም፣ ብጨምረውም አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ስፒከሩን ነቅዬ አውትፑቱን በዲሲ ስለካው ግራው 5 ሚሊቮልት ነው፣ ቀኙ ግን 140! ይሄ የአባቴን ስፒከር ያቃጥላል? እነዚህን ስፒከሮች ባበላሽበት ሌላ ገዝቼ የምተካለት ነገር አይደለም፣ ስለዚህ እርግጠኛ ሳልሆን ገመዱን መሰካት አልፈልግም።

ፈጣኑ፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ግን ለምን ትደክማለህ? ቲፒኤ 3116 ያለበት ዝግጁ ቦርድ ግዛ፣ የላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ስጠው፣ አለቀ። ክላስ ዲ ስለሆነ ብዙም አይሞቅም። ትራንስፎርመር የለ፣ እምምታ የለ። እኔ ቤት ያለው ሁለት ዓመት አለፈው።

ጋሽ ራዲዮ፦

ፈጣኑ ያልከው ቦርድ ጥሩ ነው፣ እኔም ለሰው ገጥሜዋለሁ። ግን ሦስት ወር ለፍቶ እዚህ የደረሰን ልጅ ተወው አይባልም። የቀረው ትንሽ ነው።

የጀሞው ልጄ፣ መጀመሪያ የዲሲውን ነገር እንጨርስ። 140 ሚሊቮልት ስፒከር አያቃጥልም። 8 ኦም የሚባል ስፒከር ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል በቴስተር ሲለካ 6 ኦም አካባቢ ነው፣ በዚህ ቮልት የሚያልፍበት 23 ሚሊአምፔር ገደማ ብቻ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ቺፑ ውስጡ ሾርት ቢያደርግ 35 ቮልቱ እንዳለ ስፒከሩ ላይ ያርፋል። በ6 ኦም አስላው፣ 200 ዋት ነው። ሾጣጣው አንድ ጎን ላይ ተገፍቶ ይቆማል፣ ጥቅሉ ባለበት ይነዳል። ስለዚህ የአባትህን ስፒከር ከማሰርህ በፊት በየቻናሉ ፊውዝ አድርግ፣ በተለይ ደግሞ ዲሲ ሲያይ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ስፒከሩን የሚቆርጥ መከላከያ ግጠም። ዩፒሲ 1237 በሚባል ቺፕ የሚሠራው የታወቀ ነው፣ ሲከፈትም ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ነው ስፒከሩን የሚያገናኘው።

አሁን ግራው 5 ሆኖ ቀኙ 140 የሆነበትን ምክንያት እንፈልግ። ከ1 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ወደ ግራውንድ (የሰርኪዩቱ ዜሮ ቮልት) የሚወርደውን 22 ማይክሮ ካፓሲተር እየው። እሱ ሲኖር ቺፑ ለዲሲ ጌይኑ 1 ነው። ከሌለ፣ ወይም ሾርት ካደረገ፣ የቺፑ የራሱ ጥቃቅን ስህተት በ21 ይባዛል። 140ን ለ21 አካፍለው፣ 7 ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። ዳታሺቱ እስከ 10 ይፈቅድለታል። ቺፑ ጤነኛ ነው ማለት ነው፣ ችግሩ ያለው ከጎኑ ነው።

እምምታውን በተመለከተ ሁለት ነገር ንገረኝ። ኢንፑቱን ከራሱ ግራውንድ ጋር ሾርት ስታደርገው ይቆማል? ስልክህ ላይ ስፔክትረም (ድምፁ በየትኛው ኸርዝ ላይ ምን ያህል እንደሆነ) የሚያሳይ አፕ ጫንና ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጠው፣ ዋናው ጉብታ 50 ላይ ነው ወይስ 100 ላይ? የመብራታችን 50 ኸርዝ ነው። 50 ከሆነ ከትራንስፎርመሩ መስክ ወይም ከውጭ በገመድ የገባ ነው። 100 ከሆነ ግን ከብሪጁ በኋላ ያለ ጣጣ ነው፣ ብሪጅ ካፓሲተሩን በሰከንድ 100 ጊዜ ነውና የሚሞላው።

በነገራችን ላይ ያንን የታክሲ ስፒከር አንሳው። የመኪና ስፒከር አብዛኛው 4 ኦም ነው። በ35 ቮልት ላይ 4 ኦም ለ3886 ይከብደዋል፣ ድምፅ ስትጨምር የራሱ መከላከያ ይነሳና ይንጫጫብሃል። ያኔ ቺፑ ተበላሸ ብለህ ትደነግጣለህ።

የጀሞው፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አገኙት! 22 ማይክሮ ሁለት ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነበር። ቀኙ ላይ ለጊዜው ብዬ ሽቦ በየድኩበት፣ ከዚያ ረሳሁት። ዛሬ ካፓሲተሩን አስገብቼ ስለካው 8 ሚሊቮልት ሆነ።

ኢንፑቱን ሾርት ባደርገውም እምምታው አለ። አፑ ላይ ትልቁ 100 ነው፣ ከዚያ 200፣ 300 እያለ ይሄዳል። 50 ላይ ከሞላ ጎደል ምንም የለም። የአውትፑቱ ኤሲ 18 ሚሊቮልት ነው። ካፓሲተሩን ወደ 20,000 ላሳድገው?

አስተማሪዋ፦

አታሳድገው! እንዲያውም ሊብስብህ ይችላል። ካፓሲተሩ ሲተልቅ ብሪጁ የሚሞላው በአጭር ጊዜ፣ በትልቅ ከረንት ነው። ድምፅህ ውስጥ የገባው ያ ከረንት ነው።

ፎቶህን አሰፋሁና አየሁት። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎቼ ከዓመት ዓመት የሚሠሩት ስህተት ስለሆነ ወዲያው ነው የታየኝ። ከትራንስፎርመሩ መሃል የሚወጣው ዜሮ ሽቦ መጀመሪያ ኬዙ ላይ ያለው ብሎን ጋ ይሄዳል። የኢንፑቱም ግራውንድ፣ የስፒከሩም ማይነስ እዚያው ብሎን ላይ ታስሯል። ከዚያ ሌላ ረጅም ሽቦ ከብሎኑ ተነስቶ ካፓሲተሮቹ ጋ ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ ስላሰርከው ስታር ግራውንድ (ግራውንዶች ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙበት) የሠራህ መስሎህ ነው፣ ሐሳብህም ልክ ነበር። ቦታው ነው የተሳሳተው።

አስበው። ካፓሲተሩ በተሞላ ቁጥር ከረንት በዚያ ረጅም ሽቦ ውስጥ ያልፋል። ሽቦው 10 ሚሊ ኦም ብቻ ይኑረው። 0.1 አምፔር እንኳ ሲያልፍበት 1 ሚሊቮልት ይወድቅበታል፣ በሰከንድ 100 ጊዜ። የቺፖቹ ግራውንድ ያለው ካፓሲተሮቹ ጋ፣ የኢንፑትህ ያለው ብሎኑ ጋ ነው። ቺፑ የሁለቱን ልዩነት ሙዚቃ መስሎት ያጎላዋል። ቮልዩሙ የማይነካውም ለዚህ ነው።

እንዲህ አድርገው። የትራንስፎርመሩን ዜሮ በቀጥታ ሁለቱ ካፓሲተሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብየደው። ከዚያ መገናኛ አንድ አጭር ወፍራም ሽቦ አውጣና የስታር ነጥብህን እሱ ጫፍ ላይ አድርግ። የሁለቱ ቺፖች ግራውንድ፣ የስፒከሮቹ ማይነስ፣ የኢንፑቱ ግራውንድ ሁሉም እዚያ ይምጡ። ኬዙም ከዚያው ነጥብ በአንድ ሽቦ ብቻ ይታሰር። በትራንስፎርመሩና በካፓሲተሩ መካከል ምንም ነገር አይታሰር። ወደ ብሪጁ የሚሄዱትን ሽቦዎች አንድ ላይ ግመዳቸው፣ ከኢንፑቱ ገመድም አርቃቸው።

ከቨርጂኒያ፦

እዚህ አገር መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ስለሆነ የእኔው አምፕሊፋየር 120 ላይ ነበር የሚያጉረመርመው። መፍትሔው ግን እህታችን ያለችው ራሱ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ ከዚህ ትራንስፎርመር ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ፕራይመሪው (በሶኬት በኩል ያለው) ሁለት 115 ቮልት ጥቅል ያለውን አስመርጡት። ሁለቱን በተከታታይ ስታስሯቸው ለ220ም ይሆናል። ዝም ብሎ 115 ብቻ የሆነውን ሶኬት ላይ ብትሰኩት ግን ወዲያው ነው የሚያጨሰው።

ጋሽ ራዲዮ፦

አስተማሪዋ እጅሽ ይባረክ፣ በደንብ ነው ያስረዳሽው።

የጀሞው፣ ሽቦውን ከቀየርክ በኋላ በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳትሰካው። የድሮውን ውስጡ ሽቦ ያለውን አምፖል ፈልግ፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ኤልኢዲ አይሆንም። በላይን ሽቦው ላይ በተከታታይ እሰረው። ስትከፍት ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ነው። ደምቆ ከቆየ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ቶሎ ንቀለው። ሁለቱ ቺፖች ያለ ሙዚቃ በጋራ 7 ዋት ገደማ ነው የሚወስዱት፣ አምፖሉን አያደምቁትም። አንድ አምፖል ስንት ቺፕ እንዳተረፈልኝ!

የቺፑ ጀርባ ከማይነስ 35 ጋር የተገናኘ ነው፣ ሙሉ ፕላስቲክ ከለበሰው ዓይነት በስተቀር። ከሥሩ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ) አድርገሃል? ብሎኑስ የፕላስቲክ ቀለበት አለው? ኃይሉን አጥፍተህ፣ ካፓሲተሮቹ ባዶ ከሆኑ በኋላ፣ ከቺፑ ጀርባ እስከ ሂትሲንኩ በቴስተር ለካ። ጢ ማለት የለበትም።

ከዚያ ጭነት ያስፈልግሃል። 8 ኦም ትልቅ ሬዚስተር አታገኝም ብዬ ነው፣ የተጣለ የእንጀራ ምጣድ ሽቦ ፈልግ። ባለ 3.5 ኪሎዋቱ ምጣድ፣ 220 በ220 አባዝተህ ለ3,500 ስታካፍለው፣ 13.8 ኦም ነው። ከጫፍ ጀምረህ እየለካህ 8 ኦም ላይ ቁረጠው። ያ ሽቦ ሊድ (የመበየጃ እርሳስ) አይዝም፣ ለመበየድ አትልፋ፣ በብሎን እሰረው። እዚያው የምጣዱ ሸክላ ቦይ ውስጥ ብትተወው ጥሩ ነው። ለ3,500 ዋት የተሠራ ነገር የአንተ 50 ዋት ብዙም አያሞቀውም። ለሁለቱም ቻናል አንድ አንድ አዘጋጅ።

ከስልክህ 100 ኸርዝ ድምፅ ላክበት፣ አውትፑቱን በኤሲ ቮልት ለካ። 1,000 ኸርዝ አትጠቀም፣ ርካሹ ቴስተር ከ400 በላይ ትክክል አያነብም። ቮልቱን በራሱ አባዝተህ ለ8 ስታካፍለው ዋቱ ይወጣል። 20 ቮልት ብታገኝ 50 ዋት ነው፣ ከዚህ ቺፕ በዚህ ቮልት ከዚያ በላይ አትጠብቅ። ኦሲሎስኮፕ የሚያውስህ ካለ የሞገዱ ጫፍ የሚቆረጥበትን ቦታ በዓይንህ ታያለህ። ሙቀቱን ስትፈትን ግን ሙሉ ድምፅ ላይ አትቁም፣ ቺፑ ከሁሉ በላይ የሚሞቀው ከሙሉ ኃይሉ ግማሽ በታች አካባቢ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ከ30 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። አንድ ሰዓት ተወውና ሂትሲንኩን በእጅህ ንካው። እጅህ ከቻለው በቂ ነው፣ ካልቻለው ፋን ጨምር ወይም ሂትሲንኩን አሳድገው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፣ የቤታችሁ ሶኬት መሬት ውስጥ የተቀበረ ግራውንድ አለው?

የጀሞው፦

ይቅርታ ዘገየሁ፣ ፈተና ነበረብኝ። ሁሉንም አደረግኩት።

ሶኬታችን ሦስት ቀዳዳ አለው እንጂ ግራውንዱ ከምንም ጋር አልተገናኘም ነበር። ኤሌክትሪሺያን አስመጥተን በደንብ አስቀበርን፣ ኬዙን አሁን በሦስተኛው ሽቦ አስሬዋለሁ። ሚካና ቀለበቱ ነበሩ፣ ጢ አይልም።

የግራውንዱን ሽቦ አስተማሪዋ እንዳለችው ቀየርኩት። በአምፖል ከፈትኩ፣ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። እምምታው የለም! ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ እንኳን የምሰማው ትንሽ ሽሽታ ብቻ ነው። አውትፑቱ ላይ የነበረው 18 ሚሊቮልት አሁን 1 እንኳ አይሞላም። አንዲት ሽቦ ነች እንግዲህ።

የምጣዱን ሽቦ ጎረቤታችን ሰጠችን። ሁለቱም ቻናል አብረው ሲሠሩ 18.5 ቮልት ላይ መቆረጥ ይጀምራል፣ 42 ዋት ከምናምን ማለት ነው። ለአንድ ሰዓት አስጮህኩት፣ ሂትሲንኩን እጄ ይችለዋል። ፊውዙም ገብቷል። የዲሲ መከላከያውን በ9 ቮልት ባትሪ ፈተንኩት፣ ሪሌዋ ወዲያው ቆረጠች።

ትናንት ማታ ስፒከሮቹን አገናኘሁ። አባቴ ዳንቴሉን ራሱ አነሳ። ወንበሩን ወደ መሃል አምጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ፣ እራት ቀረበ ስንለው እዚሁ አምጡልኝ አለ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። በስልክ ሳጫውት ንጹሕ ነው። ላፕቶፕ ስሰካበት፣ ቻርጀሩ ሶኬት ላይ ካለ፣ ቀጭን እምምታ ይመለሳል፣ ቻርጀሩን ስነቅለው ይጠፋል።

አስተማሪዋ፦

እንኳን ደስ አላችሁ፣ ለአባትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ይሄኛው የግራውንድ ቀለበት ነው። አምፕሊፋየሩም ቻርጀሩም ግራውንድ ላይ ናቸው፣ የድምፅ ገመዱ ደግሞ በሌላ መንገድ ያገናኛቸዋል። የአምፕሊፋየሩን ግራውንድ እንዳትቆርጥ፣ ሰው የሚያተርፈው እሱ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው። ካልጠፋ የኢንፑቱን ግራውንድ ወደ ስታሩ በቀጥታ ከማሰር በ10 ኦም ሬዚስተር አሳልፈው፣ የኢንፑት ሶኬቱ ብረትም ኬዙን እንዳይነካ ተጠንቀቅ። እሱም እምቢ ካለ በገመዱ መሃል የምትገባ ትንሽ የድምፅ መለያ ትራንስፎርመር አለች፣ እሷ ትቆርጠዋለች።