ተሳቢው ላይ ያለው ባትሪ መኪናው እየሄደ አይሞላም፣ ምን ልፈትሽ?

የሳቢያን ልጅ
ሰላም ለሁላችሁም፣ ድሬዳዋ ነኝ። ሁለት ሰው የምታስተኛ ትንሽ ተሳቢ ብየዳ ቤት አሠርቼ በአሮጌ ፒካፕ እጎትታታለሁ። ውስጧ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ፣ ሁለት መብራትና አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ፍሪጅ አለ። ባትሪው ቻርጅ የሚያደርገው ከመኪናው ዲናሞ ነው፣ በተሳቢው ሶኬት በኩል። ባለፈው ከእናቴ ጋር በደንገጎ ወጥተን፣ ሐረርን አልፈን ባቢሌ ሄድን። ሁለት ሰዓት ያህል ስለነዳሁ ሞልቷል ብዬ ተማምኜ ተኛሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ፍሪጁ ጠፋ፣ መብራቱም ደከመ። የእናቴ ኢንሱሊን ፍሪጁ ውስጥ ነበር፣ በጣም ነው የደነገጥኩት። ባትሪ የሚሸጠው ሰው «ሞቷል፣ ቀይረው» አለኝ። ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። ልግዛ ወይስ የምፈትሸው ነገር አለ?

ኤሌትራውቶ
አቦ እንዳትገዛ! መጀመሪያ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያዝ። ሞተሩን አስነሳ፣ ፍሪጁን አብራ፣ የመኪናውን ባትሪ ለካ፣ ቀጥለህ የተሳቢውን። መኪናው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካገኘህ ዲናሞው ደህና ነው። ገመዱ ባለ ስንት ነው? ኔጋቲቩስ በምን ይመለሳል?

የሳቢያን ልጅ
ለካሁ። መኪናው 14.1፣ ተሳቢው 12.7። ገመዱ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፣ 6 ሜትር ይሆናል። ኔጋቲቩ ለብቻው ገመድ የለውም፣ በሻንሲው (በብረት አካሉ) በኩል ነው።

ኤሌትራውቶ
በቃ ነገሩ እዚያ ነው። ባለ 2.5 ገመድ በ6 ሜትር፣ 10 አምፔር ሲያልፍበት የሚበላው 0.4 ቮልት ገደማ ነው፣ አንተ ጋ ግን የጠፋው 1.4 ነው። የቀረው በኔጋቲቭ መመለሻው ላይ ነው የሚጠፋው፤ በመጎተቻው ኳስ በኩል እየተመለሰ ነው ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ዝገትና ግራሶ አለው፣ በየጉድጓዱም ይንገጫገጫል። ለማረጋገጥ ሞተሩ እንደተነሳ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የመኪናው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የተሳቢው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ አድርግ። ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት።
ፖዘቲቩንም ኔጋቲቩንም በባለ 16 ገመድ ቀጥታ ከባትሪ ባትሪ ሳብ። የመብራት ሶኬቱ ቀጫጭን ፒን ይህን አይችልም፣ ወፍራም ሶኬት ለብቻው አድርግለት። ፊውዝ በሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ ይግባ፤ ፊውዝ የሌለው ወፍራም ገመድ ከተላጠና ሻንሲ ከነካ መኪናውን ያቃጥላል፣ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ሪሌም ጨምር፣ አለዚያ ጠዋት መኪናውም አይነሳልህም።

የጀጎል እህት
ኤሌትራውቶ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ወንድሜ ገመዱ ቢስተካከልም በሁለት ሰዓት መንገድ ግማሹ ያለቀ ባትሪ አይሞላም። 10 አምፔር ቢገባ በሁለት ሰዓት 20 አምፔር-ሰዓት ነው፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ከመውጣትህ በፊት ማታውን ቤት በቻርጀር አሳድረው። እኛ ሐረር ቀዝቀዝ ይላል፣ የእናንተ ሙቀት ግን ባትሪ ይጨርሳል፣ ውሃውም ይተናል። ክዳኖቹን ክፈትና እየው፤ ከጎደለ የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምር፣ አሲድ አይደለም።
አንድ ነገር በጣም አሳስቦኛል። ባትሪው አልጋው ሥር ነው? የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፣ ስለዚህ በሳጥን ዘግተህ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቱቦ አድርግለት። ኢንሱሊኑንም ለፍሪጁ ብቻ አትተወው፣ የበረዶ ቦርሳ ያዝለት፤ በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው ብቻ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከረጋ ይበላሻል።

የሳቢያን ልጅ
ተባረኩ። ኔጋቲቩ ላይ 0.9 ቮልት አገኘሁ! ሁለቱ ሴሎች ውሃቸው ውስጥ ካሉት የእርሳስ ሳህኖች በታች ወርዶ ነበር፣ ሞላሁት። ገመዱን በባለ 16 ቀየርኩ፣ ፊውዞቹም ገብተዋል። አሁን ሞተሩ ተነስቶ ተሳቢው ላይ 13.8 ያሳያል። ትናንት ማታ ግቢ ውስጥ ፍሪጁን አብርቼ አሳደርኩት፣ ጠዋት 12.4 ነበር። እህቴ፣ ባትሪው እውነትም አልጋው ሥር ነበር፣ ወደ ፊት ለፊቱ ሳጥን አወጣሁት። ሪሌው ብቻ ቀርቷል፤ እስከዚያ ስቆም ሶኬቱን በእጄ እነቅላለሁ።