ልጄ ፋርማሲ ልትመርጥ ነው፤ ውጭ አገር ያዋጣታል?

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ውጤቷ ጥሩ ነው። እሷ ፋርማሲ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። እናቷ ደግሞ «ክኒን ለመቁጠር 5 ዓመት?» እያለች ታስቃታለች። አሜሪካ አክስት አለቻት፤ ዲቪም ሞልታለች። እዚያ ያላችሁ፣ ያያችሁትን ንገሩን። እውነቱን ብቻ።

መልስ፣ ከሜሪላንድ

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የእትዬን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የኔም እናት ዕድሜዋን ሙሉ ሱቅ የምጠብቅ ነበር የሚመስላት።

የዛሬ ዓመት ለገና መጥቼ እናንተው ሰፈር እህቴ ቤት ነበርኩ። አስፋልቱ ዳር ካሉት ፋርማሲዎች አንዷ ውስጥ አብሮ አደጌ ይሠራል። ሰላም ልለው ገብቼ ግማሽ ቀን ቆየሁ። አንዲት እናት ባዶ የክኒን ማሸጊያ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። «ይቺ አለቀችብኝ» አሉት። «ሌላስ የሚወስዱት አለ?» አላቸው። ከጉያቸው ሌላ አወጡ። ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ። ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሲያነባት ግን ሁለቱም አምሎዲፒን ናቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒት። አንዱ ከጤና ጣቢያ የታዘዘ፣ ሌላው ከግል ክሊኒክ። ሴትዮዋ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው ወር ሆኗቸዋል። መድኃኒቱ ሲበዛ እግር ያሳብጣል። ሐኪሙ ጋ ደውሎ ተነጋገረ፣ አንደኛውን አስቆማቸው፣ ካርቶን ቀዶ «ጠዋት 1 ብቻ» ብሎ በትልቁ ጻፈላቸው። 5 ዓመቱ ለዚህ ነው በሉልኝ ለእትዬ።

አሁን ወደ ዋናው። ልጅቷ ትማር። ግን የሙያ ፈቃዷን በእጇ ሳትይዝ አውሮፕላን እንዳትሳፈር።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ውጭ ተምሮ አሜሪካ ፋርማሲስት መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ኤፍፒጂኢሲ የሚባለውን ሰርተፊኬት ማግኘት አለበት። የሚሰጠው የየስቴቱ ፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር፣ ኤንኤቢፒ ነው። የሚጠይቀው ሦስት አራት ነገር ነው። በፈረንጆቹ ከ2003 ወዲህ ለተመረቀ ሰው ትምህርቱ ቢያንስ የ5 ዓመት መሆን አለበት። ከ4 ዓመት ፕሮግራም ተመርቀው እዚችው ላይ የቀሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ጎበዞች ነበሩ። ሁለተኛ፣ በተማረበት አገር የተመዘገበና ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሆን አለበት። ከዚያ ኤፍፒጂኢኢ የሚባል የፋርማሲ እውቀት ፈተና፣ ከዚያ ቶፍል የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና። ቶፍሉን የሚንቅ ሰው አይጠፋም። ለብዙ ዓመታት ለንግግር ከ30 ውስጥ 26 ይጠየቅ ነበር፤ ፋርማኮሎጂን እንደ ውኃ የሚጠጡ ልጆች እሷ ላይ ሦስት አራቴ ወድቀዋል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ የልምምድ ሰዓት አለ። እንደ ስቴቱ ይለያያል፤ 1500 ሰዓት ገደማ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠሩ ወደ 9 ወር ይሆናል። ከዚያ ናፕሌክስ የሚባለው የፋርማሲስት ፈቃድ ፈተና፣ ከዚያ የስቴቱ የሕግ ፈተና።

እኔ በተመረቅሁ በሦስተኛው ወር ዲቪ ደረሰኝና በረርኩ። የባለሙያ ምዝገባ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው። እዚህ ስደርስ የተጠየቅሁት እሱን ነው! ወንድሜ ስንት ቢሮ እንደተመላለሰልኝ እሱና እግዜር ያውቃሉ። እሱ ሲሳካ ደግሞ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የላከው ትራንስክሪፕት ላይ ያያቴ ስም ኤች ፊደል ጎደለው። ፓስፖርቴ ላይ አለች፣ ወረቀቱ ላይ የለችም። ለአንዲት ፊደል ሰባት ወር። በዚያ ሰባት ወር ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ነበር።

ኋላ የፋርማሲ ቴክኒሺያን ፈተና ወሰድኩ። 90 ጥያቄ ነው፤ ፋርማሲ ለተማረ ሰው አይከብድም። አንዳንዱ «ዲግሪ ይዤ ቴክኒሺያን?» ብሎ ይኮራል። ተው ብዬዋለሁ። የመድኃኒቱን የንግድ ስም፣ የኢንሹራንሱን ጣጣ፣ የስልኩን እንግሊዝኛ የተማርኩት እዚያ ነው። ደመወዙ እርግጥ አያወላዳም።

ዲቪው ትምህርቷን ሳትጨርስ ከደረሰ ሌላ ስሌት ነው። አሜሪካ ዛሬ የፋርማሲስት ዲግሪ ፋርምዲ፣ ማለትም የፋርማሲ ዶክተርነት፣ ብቻ ነው። ቢያንስ 2 ዓመት የመግቢያ ኮርስ፣ ከዚያ በአብዛኛው 4 ዓመት። ፒካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና በ2024 መጀመሪያ ላይ ቀርቷል፤ አመልካች ስለቀነሰ መግባቱ እንደ ድሮው ጭንቅ አይደለም። ጭንቁ ብድሩ ነው። ሥራውም ቢሆን ፎቶ ላይ እንደሚታየው ነጭ ጋዋን ብቻ እንዳይመስላት። ብዙ ቅርንጫፍ ባለው ሰንሰለት ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ፣ ክትባት እየወጋሽ፣ ሁለት ስልክ እየጮኸብሽ ነው። እኔ ሆስፒታል ገብቼ ነው ያረፍኩት።

አገር ቤት ብትቀርስ? ይህን እኛ ውጭ ያለነው ቶሎ እናልፈዋለን፣ ስህተት ነው። ከቤታችሁ ብዙም ሳይርቅ ቂሊንጦ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ይሰፍሩበታል ተብሎ የተሠራ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ምርትና ጥራት ቁጥጥር የምትወድ ከሆነ እዚያ ትጠይቅ። ሆስፒታል ውስጥ ከሐኪሞች ጋር የተኙ ሕሙማንን እየዞሩ የሚያዩ ክሊኒካል ፋርማሲስቶች አሉ። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አለ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ፣ አስመጪዎች አሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገራት፦ ፈቃዷን ለሰው እንዳታከራይ። ስሟ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እሷ የሌለችበት ቤት ውስጥ ስህተት ቢፈጠር ተጠያቂዋ እሷ ናት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ። የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ደግሞ ለብቻው ነው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ትጨርስ፤ ከርሞ ይባላል እንጂ ከርሞ አይጠናም። የኮርሶቿን ዝርዝር መግለጫም ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ትሰብስብ።

መልስ፣ ከካልጋሪ

ወንድሜ ሁሉን ብሎታል። ካናዳ መንገዱ በፔብክ፣ በአገሪቱ የፋርማሲ ፈታኝ ቦርድ፣ በኩል ነው። መጀመሪያ ሰነድ ይገመገማል፣ ከዚያ የመገምገሚያ ፈተና፣ ከዚያ ሁለት ክፍል ያለው የብቃት ፈተና። ሁለተኛው ክፍል በሽተኛ መስሎ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራት ነው። እኔ ወደቅሁበት። መድኃኒቱን አላጣሁትም፤ «የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?» ብዬ መጠየቅ ረስቼ ነው። እኛ አገር ወረፋ አለ፣ ማን እንዲህ ይጠይቃል። ልጅቷ ከአሁኑ ሰው ማነጋገር ትልመድ። እንግሊዝ ያለው ያጎቴ ልጅ ደግሞ ኦስፓፕ የሚባለውን የአንድ ዓመት ትምህርት ወስዶ፣ ዓመት ልምምድ ሠርቶ፣ ከዚያ ነው ለፈተና የተቀመጠው። እድሜ ይጠይቃል ሁሉም።

ከቱሉ ዲምቱ

እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ። ለእናቷ የነጠላዋን ታሪክ አነበብኩላት፤ ዝም አለች፣ እሱ ለሷ ትልቅ ነገር ነው። ማታ የልጅቷን ፓስፖርትና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ጎን ለጎን አስቀምጠን በመነጽር አየን። የኔ ስም በአንዱ በሁለት ኤስ፣ በሌላው በአንድ ተጽፏል። ሰኞ ጠዋት ወረፋ ልይዝ ነው።