«መጀመሪያ ኮርሱን ይጨርስ»፦ የፒኤችዲ ኮርስ በምን ቅደም ተከተል ይሰጥ?

ጦሳ ስር፦
ለአዲስ ፒኤችዲ ተማሪዎች በተደረገ ኦሬንቴሽን ላይ አንድ ኃላፊ «ተማሪው መጀመሪያ ኮርሱን ይጨርስ፣ ስለ ምርምሩ ከዚያ ያስባል» አሉ ተብሎ ተለጥፎ አየሁ። በጣም ነው የተናደድኩት። ወሎ ውስጥ በበልግ እርሻ ላይ የሚሠራ ሰው ኮርሱን ሰኔ ጨርሶ፣ ኮምፕሪሄንሲቭ (የኮርሶቹን ማጠቃለያ ፈተና) መስከረም ተፈትኖ፣ ፕሮፖዛል ታኅሣሥ ዲፌንድ አድርጎ፣ የትብብር ደብዳቤና በጀት ሲጠብቅ የካቲት ከች ይላል፣ ዝናቡ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አንድ ዓመት ሄደ ማለት ነው። ፒኤችዲው ካለው 4 ዓመት ላይ!

ቦርከና፦
ወንድሜ አብሽር፣ ሰውየው ልክ ናቸው። ስታቲስቲክስ ሳይማር መጠይቅ ይዞ ኩታበር የሄደ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል? ስንት አባወራ መጠየቅ እንዳለበት እንኳ አያውቅም እኮ። ዳታው አይሆንም ሲባል ተመልሶ ያንኑ ገበሬ ሊያስቸግር ነው። አሜሪካም ቢሆን 2 ዓመት ገደማ ኮርስ ነው የሚማሩት።

ጦሳ ስር፦
ስታቲስቲክስ አይማር መቼ ወጣኝ? እንደውም ሜቶዶሎጂና ስታቲስቲክስ በመጀመሪያው ሴሚስተር ተሰጥተው ይጠናቀቁ ነው የምለው፣ ቲዎሪው ሁለተኛው ላይ ይምጣ። ጥር ላይ መጠይቁን አዘጋጅቶ፣ የካቲት ወርዶ ቢያንስ ቅድመ ሙከራ ያደርጋል። አሜሪካ ስትል ደግሞ እነሱ 5ም 6ም ዓመት ይቆያሉ፣ እኛን ስፖንሰር ያደረገን መሥሪያ ቤት ጊዜያችሁ አለቀ ብሎ ወደ ሥራ ይጠራናል።

ሐይቅ ዳር፦
ሁለታችሁም ካሪኩለም ያለ አስመሰላችሁት። ወላሂ እኛ ጋ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው አስተማሪው የሚመጣበት ቀን ነው። ሲኒየሩ ሰው ከአዲስ አበባ አንዱን ኮርስ በሁለት ሳምንት ጨምቆ፣ በብሎክ ሊሰጥ ሲመጣ የተገኘው ኮርስ ይሰጣል፣ አድቫንስድ የሚባለው ከመሠረቱ በፊት። ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። እስኪ ይሄን ተነጋገሩበት።

ኮምቦልቻ ላብ፦
በልግ በልግ አትበሉን፣ ሁሉም ሰው ገብስ አያጠናም። እኛ ላብ ውስጥ ነን፣ ኮርስ ጨርሶ መግባት ምንም አያጎድልብንም። ለአንድ ዲፓርትመንት ተብሎ የሁሉም ካሌንደር ይቀየር?

ሐይቅ ዳር፦
ላብህ ክረምት ከበጋ ክፍት ነው? በ2014 ጦርነቱ ዕቃ ካስዘረፈ ወዲህ ለአንድ ማሽን ስንት ሰው ነው ወረፋ የሚይዘው? ወረፋውን በመጀመሪያው ዓመት ያልያዘ ሰው ኮርስ ስለጨረሰ ማሽኑ ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም።

ኮምቦልቻ ላብ፦
የወረፋው ጉዳይ የአስተዳደር ችግር ነው፣ ከኮርስ ጋር አታገናኙት። ደሴዎች ሁሉን ነገር ወደ እኛ ማዞር ትወዳላችሁ።

የላስታ ልጅ፦
ኧረ የታሪክ ተማሪዎችንም አስቡን! የሐይቅ እስጢፋኖስን ብራና ወይም የወሎን ዓጀሚ (በአረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ግዕዙና አረብኛው ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ተብሎ መጨረሻ ይሰጠዋል። ፕሮፖዛሉን ሲጽፍ ጽሑፉን ማንበብ አይችልም፣ ታዲያ ምን ብሎ ነው የሚጽፈው? ቋንቋ ደግሞ በሁለት ሳምንት ብሎክ አይያዝም። በምርምሩ ተመርጦ ካልሆነ ኮርሱ ለማን ነው?

ቦርከና፦
እህቴ የአንቺ ገብቶኛል፣ ቋንቋ ይቅደም፣ እስማማለሁ። ግን «ከዚያ ያስባል» ማለት አሁን አይታሰብ ማለት አይደለም። ተማሪው ርዕስ ይዞ ይመጣል፣ ኮርስ ሲወስድ ርዕሱ ይቀየራል። ሦስት ጊዜ ርዕስ የቀየሩ አሉ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሜዳ ብትልካቸው በጀቱን በልተው ይመለሱ ነበር።

ጦሳ ስር፦
ከአድቫይዘር ጋር ሳይገናኝ አንድ ዓመት ኮርስ ላይ የተቀመጠ ሰው ርዕስ ቢቀይር ምን ይገርማል? አድቫይዘሩ ከመጀመሪያው ወር ይመደብ፣ ኮርሱን አብረው ይደርድሩ! በጀት ካልክ እሱም ሰኔ 30 ይዘጋል፣ በሰዓቱ ያልጠየቀ እንደገና ሐምሌን ነው የሚጠብቀው። እነዚህን ቀኖች ለተማሪው በኦሬንቴሽን መንገር ሲገባ «ከዚያ ያስባል» ይባላል?

ቦርከና፦
አንድን ቃል ይዘህ ሙጭጭ አልክ እኮ። ሰውየው የተናገሩትን ሙሉውን ሰምተሃል?

ጦሳ ስር፦
የተለጠፈውን ነው ያነበብኩት። ሙሉው ያለህ ከሆነ አንተ ለጥፈው፣ አድቫይዘር መቼ እንደሚመደብ የተነገረበት ቦታ ካለ አሳየኝ።

የላስታ ልጅ፦
እኔም እሱን ነው የምጠብቀው። የእኛ ባች ኮርስ ምዝገባ ሰኞ ይዘጋል፣ ግዕዙ አሁንም ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የተቀመጠው።